የተጎዳ ሰው ድርሻ

ሚስቴ ባለፈው ሳምንት ጓዳውን ስታጸዳ አንድ አሮጌ ጆንያ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ብቅ አለችና፣ «ይሄን ግማታም ነገር ልጣለው?» አለችኝ። ከእጇ ነጠቅኳት። አፍንጫዬ ላይ አስጠጋሁት። መጀመሪያ የቃጫው ሽታ መጣ፤ ከሥሩ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ፤ ከዚያም ሥር፣ በጣም ሳስቶ፣ የሰው ላብ። ወዲያው ዓይኔ ውስጥ ያ ነጭ የናዝሬት ፀሐይ በራ። ጆሮዬ ላይ የጭነት መኪናው መወጣጫ ሳንቃ ጓ! ጓ! ማለት ጀመረ።

በዚያው ዕለት ጠዋት በሬዲዮ የተማሩ ሰዎች ተሰብስበው መምህር ለሥራው የሚገባውን ይከፈለዋል ወይስ አይከፈለውም እያሉ ሲከራከሩ ሰምቼ ነበር። አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ «ጉዳዩ በጥልቀት መጠናት አለበት» ሲል ዘጋሁት። ምኑ ነው የሚጠናው? ይህን ጉዳይ እኛ ሃያ ተሸካሚዎች፣ ከሃያችን አንድ ሰው እንኳ ስሙን መጻፍ ሳይችል፣ ሽንኩርት ላይ ተቀምጠን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፈርደንበታል። ቆይ ልንገርህ።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን ደጃፍ ይታይ ነበር፤ ሌሎች ልጆች ሲገቡበት አይቻለሁ፣ ሲወጡም አይቻለሁ፤ እኔ ግን ማየቱ ብቻ ነው የደረሰኝ። አባቴ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ እጄን ገልብጦ አይቶ «ይሄ የቆንጨራ እጅ ነው» አለ። እንዲህ ተብሎ ተፈረደብኝ። ትንሽ ከፍ ስል ቆንጨራውንም አባቴንም ጥዬ ናዝሬት ገባሁና ከገበያው ጀርባ፣ የሽንኩርት መጋዘኖቹ ዘንድ፣ ጫኝና አውራጅ ሆንኩ።

ሽንኩርቱ ከመቂና ከዝዋይ ይመጣል፤ እኛ እናወርዳለን፤ ከዚያ ደግሞ ለድሬዳዋ መኪና እንጭናለን። መጋዘኑ የቆርቆሮ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ውስጡ እንደ ዳቦ ምድጃ ይግላል። ሥራው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ወገብና ቆብ። ቆቡ ጆንያ ነው። አንዱን የታች ማዕዘን ወደ ውስጥ ትገፋና ከሌላኛው ማዕዘን ጋር ታገናኘዋለህ፤ እንደ ካፖርት ቆብ ራስህ ላይ ታጠልቀዋለህ፤ የቀረው ጀርባህ ላይ ይወርዳል። አንገትህ አይላጥም፤ አቧራው ዓይንህ ውስጥ አይገባም። ወደ ፊት ከሳብከው ደግሞ እናትህም አትለይህ።

አለቃችን ጺማቸውን በሂና የሚያቀሉ የወሎ ሰው ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ በቀኝ ስለተሸከሙ ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሲሄዱ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ሊያነሱ የጎነበሱ ይመስላሉ። እሳቸው ዘንድ ሕጉ አንድ ነው፤ መኪናው ከተጫነ በኋላ ገንዘቡ እኩል ይከፈላል። ጉልበተኛው ሠላሳ ጆንያ ቢሸከም፣ ደካማው አሥራ አምስት ቢሸከም፣ ድርሻው ያው ነው። በዚያ ላይ አንድ ትርፍ ድርሻ ይወጣ ነበር። የተጎዳ ሰው ድርሻ እንለዋለን። ሳንቃው ላይ ወገቡ የተቀጨ፣ ጆንያ እግሩ ላይ የወደቀበት ሰው ቤቱ ይተኛል፤ ድርሻው ደጁ ድረስ ይሄድለታል። ምጽዋት አይደለም። «እግዜር ይስጥልኝ» ያለ ሰው ራሱ ይሰደብ ነበር፤ «ማን ሰጠህ? የራስህ ነው!» ይባላል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቀጭን ሰው መጣ። እኛ ቆቡን ሥራው ላይ ስንደርስ ነው የምናጠልቀው፤ እሱ ግን ከቤቱ አጥልቆ ነው የመጣው፣ እስከ አፍንጫው። አለቃ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ትችላለህ?» አሉት። «እሞክራለሁ» አለ። ሳንቃው ላይ ሲወጣ ጉልበቱ እንደ ጥጃ ጉልበት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን አልጣለም። ሲያልፍ ሲያገድም ደግሞ «እባክህ ወንድሜ፣ ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ» ይላል። እዚያ ቦታ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። «ዞር በል፣ በላይህ ላይ እንዳልጥለው!» ነው የሚባለው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ስም አወጣንለት፤ «እባክህ» አልነው። ዳቦውን ይዞ ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። በቅዳሜ ብቻ ይመጣል፤ ሌላ ቀን አይታይም። ሌባ ነው ያልንም ነበርን፤ አንዱ እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለት ተሸካሚዎች በድርሻ ተጣልተው አንገት ለአንገት ተያያዙ። የተቀረነው በሁለት ጎራ ተከፍለን እንጮሃለን፤ አለቃ ይለምናሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ድንገት ከጥጉ አንድ ድምፅ ወጣ።

«ጸጥታ!»

ጩኸት አልነበረም። ግን መጋዘኑ ዝም አለ። ደጅ የቆመው የጋሪ ፈረስ ራሱ ማላመጡን ያቆመ ይመስለኛል። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩት ሰውዬ እጄን አጣጥፌ ቆሜያለሁ። ከእኛ መካከል ረጅሙ አርሲ በልጅነቱ ሁለት ወር ተምሮ የጠፋ ሰው ነበር፤ ተቀምጦ ሽንኩርት ሲልጥ የነበረው እሱ ሳያውቀው ብድግ ብሎ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጥጉ ሄደና የሰውየውን ቆብ በጣቱ ገለጥ አደረገው።

«ዋቅዮ!» አለ። «አንተ ባርሲሳ ነህ!»

ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ሰውዬው አልካደም። አምስተኛ ክፍል እንደሚያስተምር ነገረን። በእጁ መስመሮች ውስጥ ጠመኔው ነጭ ሆኖ ተቀምጦ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ኖራ ነበር የመሰለኝ።

«ወሩ ሠላሳ ቀን ነው» አለን፣ መሬት መሬት እያየ። «ደመወዜ አሥራ አምስቱን ቀን ብቻ ነው የሚያውቀው። ለተቀሩት ነው የምመጣው። ተማሪዎቼ እንዳያዩኝ እንጂ ሥራውን አፍሬበት አይደለም።»

አርሲው ወገቡን ይዞ ሳቀ። «ታዲያ ምን ልትሆን ተማርክ? እኔ እኮ ሳልማር ነው እዚሁ የደረስኩት!»

መምህሩም ሳቀ። ጥርሱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አለቃ ግን አልሳቁም፤ ቆቡን በእጃቸው ወደ ፊቱ መልሰው ሳቡለትና «ይሄ ለዚሁ ነው የተሠራው» አሉት። ከዚያን ቀን በኋላ አንቱ ልንለው ሞክረን ነበር። ግን ኩንታል ተሸክሞ ለሚሮጥ ሰው አንቱታ አይመችም፤ «ይለፉ» እስክትለው ድረስ ተላትሞህ ያልፋል። ተውነው።

ነፋሱ ነው ነገሩን ያበላሸው። የናዝሬትን ነፋስ ታውቀዋለህ፤ ከየትም ተነስቶ አቧራውን እንደ እንዝርት እያሾረ ይመጣል። ከትንሽ ጊዜ በኋላ አንድ ቅዳሜ መምህሩ ጆንያ ተሸክሞ ሳንቃው መሐል ላይ እንዳለ ነፋሱ መጣና ቆቡን ከራሱ ላይ ገፎ ጣለው። ከሳንቃው ሥር ደግሞ አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ቆማ ነበር፤ ድምፅዋ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር የሚያዳርስ ሴት።

«ቲቸር!» አለች። «ውይ በሞትኩት! የልጄ ቲቸር! እርስዎ ነዎት?»

መምህሩ እዚያው ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። ኩንታሉ ትከሻው ላይ ነው፤ ወደ ላይ አይወጣ፣ ወደ ታች አይወርድ። ሁላችንም ደርቀን ስንቀር አርሲው ዘለለ።

«ምን ነካሽ እትዬ? ባለቤቱ እኮ ናቸው!»

«የምኑ ባለቤት?»

«የሽንኩርቱ ነዋ! ጆንያው ሙሉ መሆኑን በገዛ ትከሻቸው ካልለኩት አያምኑንም። አቦ፣ በጣም ነው የሚጠራጠሩን!»

ይህን እያለ ሮጦ ጆንያውን ከትከሻው አወረደለት። እኔም ወደ ኋላ እንዳልቀር ብዬ ወጣሁና ትከሻውን በመዳፌ እያራገፍኩ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አቧራ ነካዎት» አልኩት። እንዲያ ያለ ውሸት በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም፤ ደስ ብሎኝም ነበር።

«እንዲህ ነው እንዴ!» አለች ሴትዮዋ። «እኔ ደግሞ መምህር ብቻ መስለውኝ!» መምህር ብቻ! ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ቀጥላም «ታዲያ ለተማሪዎ እናት ትንሽ አይቀንሱም?» አለችው።

መምህሩ አፉን ከፈተ። መዋሸት አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አቅም አጣ። እሷ ዝምታውን የነጋዴ ጭካኔ አድርጋ ወሰደችው። «አይጨክኑ እንጂ! ልጄ እቤት ሌላ ወሬ የላትም፤ ቲቸር እንዲህ አለ፣ ቲቸር እንዲያ አለ!» እያለች ትለምነው ጀመር። እውነተኛው ባለቤት ሐጂው ለሶላት ወጥተው ነበር፤ እሳቸው ሳይኖሩ የሚሸጡት አለቃ ናቸው። አለቃ ነገሩ እንዳይራዘም ብለው «በቃ፣ ቀንሰውልሻል» አሏት። ሦስት ጆንያ አስጭና እየመረቀችው ሄደች። የጎደለውን ከየድርሻችን አዋጥተን ሞላነው። አርሲው የራሱን ሲሰጥ «ሐቅ ይሻል ነበር፣ ርካሽ ነው» አለ።

ለሁለት ቅዳሜ መምህሩ ሳይመጣ ቀረ። በሦስተኛው አለቃ ላኩኝ። የተከራያትን ክፍል ጠያይቄ አገኘሁ። በመስኮቱ ብርሃን ሥር አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን የተማሪ ደብተር ተቆልሏል፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ አንድ በአንድ እየገለጠ ያርማል።

«ምነው ጠፋህ?» አልኩት።

«ሀብታም ሆንኩ» አለኝ።

ያቺ ሴት ሰኞ ሳይደርስ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። አከራይዋ ሰምተው «የሽንኩርት ነጋዴ መሆንህን ሳትነግረኝ!» ብለው ኪራይ ጨመሩበት። የትምህርት ቤቱ አጥር ፈርሶ ስለነበር ለመዋጮው መጀመሪያ የተጻፈው የሱ ስም ሆነ። ሁለት መምህራን ብድር ጠየቁት፤ የለኝም ሲላቸው አኮረፉት። ተመልሶ እንዳይሸከም ደግሞ አሁን ሁሉም ሰው እያየው ነው።

«ስለዚህ ልለቅ ነው» አለኝ። «ሶደሬ መንገድ ላይ አንድ ሆቴል አለ። ለሚታጠቡ ሰዎች ፎጣ የሚያድል ይፈልጋሉ። ወሩ ሲያልቅ እገባለሁ። ከዚህ ይሻላል ክፍያው።»

«ፎጣ?»

«ፎጣ።»

ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ንዴቴ መጣ። ደብተሮቹን አየሁ። ስልሳ ያህል ይሆናሉ። «ልትለቅ ከሆነ ይሄን ለምን ታርማለህ?» አልኩት።

«ፈተና ደርሷላ።»

«ለዚህስ ለብቻ ይከፍሉሃል?»

«አይ፣ ሥራው ውስጥ ያለ ነው።»

«እኛ ከሰዓት ውጭ አንዲት ጆንያ ብናነሳ ሐጂው ለብቻ ይከፍላሉ!» ብዬ ጮህኩበት፣ እሱ ያጠፋ ይመስል። አቀርቅሮ ማረሙን ቀጠለ። አንድ ደብተር ላይ ደርሶ ፈገግ አለ፤ ምን እንደተጻፈበት አላውቅም። ያን ፈገግታ ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህ ሰው ፎጣ ሲያድል ይህን ፊት ዳግመኛ አያሳይም። እውነቱን ልናገርና፣ ያዘንኩት ለሱ ብቻ አልነበረም። ማንበብ የሚችል ሰው በሕይወቴ «ወንድሜ» ብሎ የጠራኝ እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ ያ በር ለእኔ ሁለተኛ አይከፈትም ነበር። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው መኪና ከሄደ ወዲያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሃያችንም ጆንያ ላይ ተቀምጠናል፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ ፀሐይዋ እንደ ገመድ ቀጭን ቀጭን ሆና ትወርዳለች። አርሲው በመዳፉ አፉን መታ። «ይሄ አፍ ነው! ይሄ አፍ ይቆረጥ!»

አለቃ ጺማቸውን ሲያሹ ቆዩና «ሰውየው የት ነው የተጎዳው?» ብለው ጠየቁ።

«ሳንቃው ላይ» አልኳቸው።

«በሥራ ሰዓት?»

«በሥራ ሰዓት።»

«እንግዲያው ድርሻ አለው።»

አንዱ ጎረምሳ ተነሳ። «ኧረ አለቃ! እሱ እኮ ደመወዝ አለው!»

«ወገቡ የተሰበረም ሰው ወገብ አለው» አሉት አለቃ። «አለው ማለት ይሸከምበታል ማለት ነው?»

ድርሻው ተቆጥሮ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ወሰድኩለት። መምህሩ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ብሩን መልሶ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተተና «ያልሠራሁበትን አልበላም። ድህነቴን እችላለሁ፤ ምጽዋት ግን አልችልም» አለኝ። ምጽዋት አይደለም ብዬ ሕጉን አስረዳሁት። አልሰማኝም። መምህር ደረቅ ነው፤ ባይደርቅማ መምህር አይሆንም ነበር።

ወጥቼ በሩ ላይ ደርሻለሁ። ምን እንደመለሰኝ አላውቅም።

«እሺ፣ ሥራበት!» አልኩት። «ቅዳሜ ና። ሽንኩርቱን ተወው። እኛን ተሸከም።»

መጀመሪያ ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ስንት ናችሁ?»

«ሃያ።»

«ከሽንኩርቱ ትከብዳላችሁ» አለ። ግን ቅዳሜ መጣ።

ያን ቅዳሜ ነው ፍርዱ የተሰጠው። ፊደል ሊያስተምረን መሆኑን ሲሰሙ ሁሉም ደስ ያላቸውን ያህል፣ ድርሻው ስንት ይሁን ሲባል ጠብ ተነሳ። ያው ጎረምሳ «ቆሞ ለሚያወራ ሙሉ ድርሻ? ግማሽ ይበቃዋል! ምን ይከብደዋል?» አለ። አለቃ ጎረምሳውን ወደ መሐል ጠሩት። «ና እዚህ ቁም» አሉት። «የምታውቀውን አንድ ነገር ለእነዚህ ሁሉ እስኪገባቸው ድረስ አስተምር። ጆንያ አነሳስ ይሁን፤ የፈለግከው ይሁን።»

ጎረምሳው ቆመ። ደረቱን ነፋ። «ጆንያ... ጆንያ መጀመሪያ... እንዲህ ነው የምትይዘው» አለ። አርሲው እጁን አወጣና «ለምን እንዲህ? ለምን እንዲያ አይሆንም?» አለው። ሌላው «ግራኝ የሆነስ?» አለ። ሌላው አዛጋ። ሁለቱ ከኋላ መሳሳቅ ጀመሩ። ጎረምሳው ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ ችፍ አለ፤ ኩንታል ተሸክሞ እንዲያ አልቦት አያውቅም። በመጨረሻ እጁን አራገፈና «ተዉኝ በቃ፣ ልሸከም!» ብሎ ጮኸ።

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። አለቃ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና «ሙሉ ድርሻ» አሉ። ማንም አልተቃወመም፤ ጎረምሳውም። በሬዲዮ ሊያጠኑት የሚፈልጉት ነገር በዚህ አለቀ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቅዳሜዎች ሳስብ ዛሬም ደረቴ ይሞቃል። የመጨረሻው መኪና ይወጣል፤ አቧራው ይሰክናል፤ እጃችንን እንታጠብና ቁጭ እንላለን። ሰሌዳ የለም። ጆንያዎቹ ላይ ነው የሚጽፍልን። ጆንያ ደግሞ ቀድሞውንም ምልክት አለበት፤ እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱ አለው። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ምልክቶቹን እንደ ሥዕል ነበር የማውቃቸው። የሐጂውን «መነጽር» ነበር የምለው፣ ሁለት ክብ የተያያዘ ስለሆነ። መምህሩ «ይሄን ታውቀዋለህ?» አለኝ። «አዎ፣ መነጽር ነው፤ የሐጂ ነው» አልኩት። አልሳቀብኝም። «መ ነው» አለኝ። «የስማቸው መጀመሪያ። አንተ እኮ ስታነብ ነው የኖርከው፤ የነገረህ ሰው ነው የጠፋው።»

ይህን ሲለኝ ፊቴን አዞርኩ። ሽንኩርቱ ነው ብለህ ያዘው።

ጠመኔ ስይዝ እሰብረው ነበር። «ቀስ በል፣ አይሸሽህም» ይለኛል። አርሲው ስድቡን ሁሉ መጻፍ ነበር የሚፈልገው፤ መምህሩም ጻፈለት፤ በዚያ ምክንያት ከሁላችን ቀድሞ ፊደሉን ጨረሰ። አለቃ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ስማቸውን ብቻ ተማሩና «በቃኝ፣ ይሄ ለመቃብርም ይበቃኛል» አሉ። መምህሩም ድርሻውን እንደማንኛችንም ተቀብሎ፣ እንደማንኛችንም ሳያመሰግን፣ ኪሱ ይከተው ነበር። ከሁሉ ደስ የሚለኝ እሷ ነበረች፤ አለማመስገኑ።

ያቺ ሽንኩርት ቸርቻሪ ግን አንድ ቅዳሜ ትምህርት መሐል ላይ ዘው ብላ ገባች። መምህሩ ጠመኔ ይዞ ቆሟል፤ እኛ መሬት ላይ ነን። አርሲው ሌላ ውሸት ሊፈበርክ አፉን ሲከፍት መምህሩ በእጁ ከለከለው። ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ቆቡን አወረደና አሳያት።

«እኔ የሽንኩርት ባለቤት አይደለሁም» አላት። «ያን ጊዜ ያዩኝ ስሸከም ነው። ደመወዜ አልበቃ ብሎኝ።»

እኛ ምድር ብትውጠን በወደድን። ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ ቆቡን አየች።

«እና?» አለች። «እኔስ ምን ስሸከም ነው የምውለው? ላባ?»

ከዚያ የቀነስንላት ነገር ትዝ ብሏት «ታዲያ ያን ቀን ማን ከኪሱ ሞላላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን። «እናንተ ቂላቂሎች!» አለችና ነጠላዋን አጣፋች። «አከራይዎ ማናት ቲቸር? ያቺ ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለችው? ለእኔ ይተዉት።» ወሬውን ያዳረሰው አፍ ራሱ ሰበሰበው። ኪራዩ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ፎጣው ለሌላ ሰው ቀረ። እሷም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳምቡሳ በሳህን ይዛ መጥታ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ «እያረፍኩ ነው» ትላለች እንጂ ፊደሉን በከንፈሯ እየተከተለች እንደነበር አይቻለሁ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየን። ከዚያ እናቱ ታመመችበት፤ ኩየራ አካባቢ ነበረች። ለእሷ እንዲቀርብ ብሎ ዝዋይ አጠገብ አዳሚ ቱሉ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ተዛወረ። የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ ምንም ንግግር አላደረገም። አርሲው «ባርሲሳ፣ አንድ ጆንያ ሳታነሳ አትሄድም» ብሎ ቀለደ። እሱ ግን ቀልድ አላደረገውም። ኮቱን አወለቀ። ቆቡን ሳያጠልቅ፣ ራሱን ገልጦ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየው አንድ ኩንታል ተሸክሞ ሳንቃውን ወጣ። ጉልበቱ አሁንም ተንቀጠቀጠ። ቆቡን እዚያው ሚስማሩ ላይ ትቶት ሄደ።

በሚቀጥለው ሳምንት አለቃ በልማድ ድርሻ ሲያወጡ አንድ ተረፈ። ሁላችንም አየነው፤ ማንም አልነካውም። «አንዴ ከተቆጠረ የባለቤቱ ነው» አሉ አለቃ። ቆቡን አወረዱና ብሩን ማዕዘኑ ውስጥ አጥፈው አስገቡ። ከዚያ ቀለም ሰጡኝና «የማን እንደሆነ ጻፍበት» አሉኝ። «የመምህሩ ድርሻ» ብዬ ጻፍኩ። ከሰው ሳልገለብጥ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ዝዋይ ለሚሄድ ሾፌር ሰጠነው። ሾፌሩ ቆቡን መልሶ አመጣው። ብሩ የለም፤ በቦታው አራት ጠመኔ ተቀምጦበታል። ወሰደው! ብለን እንደ ሠርገኛ ጨፈርን። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አንድ ድርሻ መላክ ልማድ ሆነ፤ በየዓመቱ ጠመኔ ይመጣል።

በሦስተኛው ዓመት ግን ቆቡ እንደሄደ ተመለሰ። ብሩ አልተነካም። «ሌላ ቦታ ተዛውሯል አሉኝ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም» አለ ሾፌሩ። አለቃ ቆቡን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ያዘው፤ ታነባለህ» አሉ።

አሁን እሳቸውም የሉም፣ አርሲውም አገሩ ገብቷል። እኔ በዚያችው በተማርኳት ፊደል የሐጂው መጋዘን ኃላፊ ሆንኩ፤ በኋላም የራሴን ትንሽ መጋዘን ከፈትኩ። ያስተማረኝ ሰው ካገኘው በላይ እሱ ያስተማረኝ ፊደል ለእኔ ከፈለኝ። ይህን የሚያስተካክል አንድ ሰው በዚህ አገር ካለ ያሳዩኝ። ያኔ ሬዲዮውን እከፍታለሁ።

ሚስቴ አሁንም ከአጠገቤ ቆማ ነበር። ጆንያውን ወስዳ ማዕዘኑን ስትዳብስ ጣቷ አንድ ነገር ነካ። ጎትታ አወጣችው። የተጣጠፉ ብሮች፤ የድሮዎቹ፣ ከመቀየራቸው በፊት ያሉት።

«ውይ! ይሄ እኮ አሁን አይሠራም» አለችኝ። «ሻይ እንኳ አይገዛም።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«እንደነበረ አጥፈሽ መልሺው» አልኳት። «የሱ ነው።»